ዝግ ነገር አይገባም

ክብሪት የሚለውን ስም ያወጡላት የሱቋ ጎረቤቶች ናቸው። ሲያንሳት ነው! ክብሪትስ እስኪጭሩት ድረስ ይጠብቃል፤ እሷ ግን ጠዋት የሱቋን በር ስትከፍት ነድዳ ነው የምትገባው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ውሃ የጠጣ ላፕቶፕ፣ የተቃጠለ ሰሌዳ፣ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ሁሉ እየተሳደበች ታስነሳዋለች። የማትሳደብበት አንድ ነገር ቢኖር ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ሆዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም፣ ማንም ገልጦ የሚያየው፣ የተጣመመውን የሚያቃናው፣ ቀድቶ ለጎረቤቱ የሚሰጠው። ስለ እሱ ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። ስለ ዝግ ፕሮግራም ስታወራ ደግሞ ካቻቪቴውን ከአጠገቧ ማንሳት ይሻላል።

እንግዲህ ዘንድሮ የሰፈሩ ማኅበር በዓመት አንዴ በሚያዘጋጀው የሰፈር ቀን ላይ አንድ የጨዋታ ክፍል ላዘጋጅ ብላ ተነሳች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ጨዋታ ሁሉ ነጻ ሶፍትዌር ይሆናል። ሰው ይመጣል፣ ይጫወታል፣ የወደደውን በፍላሽ ቀድቶ ይዞ ይሄዳል፤ በቃ። ይኼ ምን ያጣላል? ያጣላል እንጂ! ሦስት ወር ሙሉ አጣላ።

ጠቡ ከማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ነበር። ሊቀመንበሩ ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ፣ ሰው ሲቆጣ "ነገር አናካርር" የሚል ሰውዬ ነው። ክብሪትን ከምንም በላይ የሚያበግናት ደግሞ ይኼ ነው፤ ስትቆጣ መልሰው ቢቆጧት ይሻላታል። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጁን አጣጥፎ፣ "የኔ እህት፣ ልፋትሽ ጥሩ ነው። ግን እነዚህ ጨዋታዎች ዋናውን ያላገኘ ሰው የሚጫወታቸው ትርፍራፊዎች አይደሉም እንዴ? እኔ ስም ያላቸውን አስጭኛለሁ። ሳይከፈልባቸው፣ ትንሽ ሰበር ተደርገው ነው የተጫኑት፤ ግን ይሠራሉ። አሥር ማሽን ሙሉ አለ፤ እነሱን እናስገባ" አላት።

ክብሪት ብድግ ስትል ወንበሯ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

"የተሰረቀ! የሰው ላብ ሰርቀህ ሰፈር ልታስተናግድ ነው? የኔን ደግሞ ትርፍራፊ ትለዋለህ? ይቅርታ ትጠይቀኛለህ! በቃል አይደለም፤ በጽሑፍ! በፊርማህ! በር ላይ ተለጥፎ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እያነበበው!"

ሰውዬው ሳቀ። እሷም ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ ሁሉ፣ አጀንዳው የመጸዳጃ ቤት ቁልፍም ይሁን የድንኳን ገመድ፣ እጇን አውጥታ "ይቅርታዬስ?" ሳትል ወጥታ አታውቅም።

በመጨረሻ በማኅበሩ አዳራሽ ኮሪደር ጫፍ ያለውን፣ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች የተከመሩበትን ክፍል ጣሉላት። ወንበሮቹን አወጣች፣ ግድግዳውን ጠረገች፣ መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አስነስታ ደረደረች። ሊቀመንበሩ የሆነ ቀዳዳ ፈልጎ ማሽኖቹን ማስገባቱ እንደማይቀር ታውቅ ነበርና በትልቅ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ዝግ ፕሮግራም፣ በዝግ ፕሮግራም የሚሠራ ዕቃም ቢሆን፣ ወደዚህ ክፍል አይገባም። ለማንም ቢሆን!" "ለማንም" የሚለውን በቀይ አሰመረችበት። ከሥሩ ፊርማዋን ጣለች፤ ፊርማው ብቻውን የወረቀቱን ሩብ በላ። በሩ ላይ ለጥፋ ራቅ ብላ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ፈገግ አለች።

በር ጠባቂ ያደረገችው ፋርማሲስቱን ነው። እሱም እንደ እሷ የነጻ ሶፍትዌር ወዳጅ ነው፤ በሥራው ደግሞ ያለ ማዘዣ የራስ ምታት ኪኒን የማይሰጥ፣ የገዛ አክስቱን "ማዘዣ ይዘው ይምጡ" ብሎ የመለሰ ደረቅ። ለዚህ በር ከሱ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ አባቷ እንምጣ። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፤ አንድም ቀን አልተጋጨም። ይኼንን ሳይናገር እንግዳ አይሸኝም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ ከደረቱ ላይ ታጥፎ ቀረ፤ የግራው ጣቶችም እንደ ልብ አይታዘዙትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለሕክምና ካልሆነ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ እንኳ "ተኝቷል በይ" ይላታል፤ እዚያው ቁጭ ብሎ። ሾፌር የነበረ ሰው ሻይ ሲደፋበት መታየት አልፈለገም።

ቤት እየመጣች እጁን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ናት መላ የፈጠረችለት። አምስት ትልልቅ ቁልፎች ያሉት፣ በመዳፍም በክርንም የሚጫኑት ሳጥን አመጣችለት፤ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር አያይዛ፣ እጁ እንዲፍታታ፣ መጻፍና ስልክ መደወልም እንዲችል ብላ። ላፕቶፑ የሚሠራው በዝግ ሲስተም ነበር። ክብሪት ያንን ስታይ ዓይኗ ቀላ። "ይኼን ጉድ ቤቴ አስገባችሁት? ምን ቆርጦኝ እጄን አነሳበታለሁ!" ብላ ማለች። አላነሳችበትምም። አቧራ ስታራግፍ እንኳ ዙሪያውን ነበር የምትጠርገው። እሷ ቀን ቀን ሱቅ ስትውል አባቷ ፊዚዮቴራፒስቷ በጫነችለት የመኪና እሽቅድምድም፣ እሱም ነጻ ከሆኑት አንዱ ነው፣ ተለማመደ። ማታ ስትገባ "ዛሬ ያቺን ጠመዝማዛ ሳልነካካ ወጣኋት" ይላታል፤ እሷም ጫማዋን እያወለቀች "ጎበዝ አባዬ! ሊቀመንበሩ ዛሬ ምን እንዳደረገኝ ብነግርህ" ትለዋለች።

አንድ ቀን ታዲያ ራሱ ስልክ ደወለ። ድሮ አብረውት የነዱ ሦስት ሾፌሮችንና አሥራ አንድ ዓመት አብራው የሠራችውን ትኬት ቆራጩን ጠራ። "የሰፈር ቀን ኑ። በስምንት ሰዓት እንሽቀዳደማለን" አላቸው። ክብሪት ወሬውን ስትሰማ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። አባቷ ከቤት ሊወጣ ነው! ለዚህ ሲባል ከሊቀመንበሩ ጋር አይደለም፣ ከመንግሥተ ሰማያት ዘበኛ ጋርም ትጣላለች።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ጢም ብሎ ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ድርግም አለ፤ አሥራ ሁለቱም ማሽኖች ጠፉ። ክብሪት ኤክስቴንሽኑን ተከትላ ስትሄድ የሷ መስመር ተነቅሎ የሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያ ተሰክቶበት አገኘችው።

"ነገር አናካርር፤ ንግግር አለኝ" አላት።

"ንግግርህን በጆሮ ሹክ በል!" ብላ ነቀለችው። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው እያየ የሚወጣትን ሁሉ አወጣችበት፤ ይቅርታዋንም አልረሳችም። አሸንፋ፣ መስመሯን አስመልሳ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች።

አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። የድሮውን የሾፌር ጃኬቱን ለብሷል፤ በግራ እጁ ከዘራውን ይዟል። ላፕቶፑና ሳጥኑ በፌስታል ተደርገው ትኬት ቆራጯ እጅ ላይ ናቸው። ሦስቱ ሾፌሮች ከኋላው ቆመው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። የሰው ውርደት ማየት ያሳፈረው ሰው እንዲህ ነው የሚያየው።

"አባዬ! ምን ሆነህ ነው እዚህ የቆምከው?"

"ሕግ ይዞኝ ነዋ" አላት፤ ዓይኗን አላያትም።

ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ። "የአባባ ሳጥን ያለዚህ ላፕቶፕ አይሠራም። ላፕቶፑ ዝግ ነው፤ የሳጥኑም ፕሮግራም ዝግ ነው። የኛ ማሽን ላይ ልሰካው ሞከርኩ፣ ጭራሽ አያውቀውም። አልተቻለም፤ መለስኳቸው።"

ክብሪት ቱግ አለች። "መለስኳቸው? አባቴን? አንተ ጤነኛ ነህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ያልወጣ ሰው ነው እኮ!"

"ማክሰኞ ዕለት 'ለማንም ማለት ዘመድንም ይጨምራል ወይ?' ብዬ ጠይቄሽ ነበር" አለ ፋርማሲስቱ፤ ከቦታው አልተነቃነቀም። "'እናቴ ከመቃብር ተነስታ ብትመጣም' ነው ያልሽኝ።"

ይኼን ብላ ነበር። ብላለች!

ይኼኔ ሊቀመንበሩ ከኋላዋ ደረሰ፤ ፈገግታውም አብሮት። "ነገር አናካርር። ለእኚህ አባትማ ይፈቀድ እንጂ፤ ልዩ ሁኔታ ነው። መቼም ለአንድ ሰው ልዩ ሁኔታ ካለ ለሌላውም አይጠፋም። የኛም አሥር ማሽን ደረጃው ሥር ቆሟል።"

ክብሪት ዞራ አየችው። ሦስት ወር ሲፈልገው የነበረውን ቀዳዳ አገኘ፤ ያውም በአባቷ በኩል። ግን አባቷ ቆሟል፣ እግሩም መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"ይግባ! ያንተም ይግባ! ሕጉም ገደል ይግባ!" ብላ ወረቀቱን ልትቀደው እጇን ሰነዘረች።

"ተዪው" አለ አባቷ።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ የገዛ ሚስቴን ያለ ትኬት አሳፍሬ አላውቅም። እናትሽ እየተሰለፈች፣ እየቆረጠች ነበር የምትሳፈረው። ይቺ ምስክሬ ናት" አለ፤ ትኬት ቆራጯ ራሷን ነቀነቀች። "እዚህም በእዝነት በር አልገባም። ይኼ ሰውዬም ማሽኑን በኔ ትከሻ አያሳልፍም። እኔ በሕጉ አልተናደድኩም።"

"ታዲያ በምን ነው የተናደድከው?"

"ባንቺ ነዋ! ባንቺ!"

አባቷ ከታመመ ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

"ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ የሰውዬውን ስም ስትጠሪ እሰማለሁ። እንዲህ አለኝ፣ እንዲያ አልኩት። ከሳጥኑ ጋር አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ አንድ ቀን 'አባዬ፣ በምንድን ነው የምትነዳው?' ብለሽኝ ታውቂያለሽ? የሰው ዕቃ ስትጠግኚ የምትውይ ልጅ የኔን ሳጥን በመጥረጊያ ዞርሽው! ላፕቶፑ አስጠልቶሽ። እኔ እኮ ላፕቶፑን አልወደድኩትም፤ እጄ ሆኖብኝ ነው!"

ክብሪት ክው ብላ ቀረች። ሊቀመንበሩን አየችው፣ ፋርማሲስቱን አየችው፤ የምትቆጣው ሰው ፈለገች። የለም። ያለችው ራሷ ብቻ ናት። ዕንባዋ መጣ፣ ዋጠችው።

"አሳየኝ" አለች ቀስ ብላ። "በምንድን ነው የምትነዳው?"

አባቷ ግድግዳ ተደግፎ በክርኑና በመዳፉ አሳያት። ይኼ ግራ ነው፣ ይኼ ቀኝ፣ ይኼ ነዳጅ፣ ይኼ ፍሬን፤ አምስተኛዋ ጡሩምባ ናት። ሳጥኑን ተቀብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንዱን ቁልፍ ተጭና ጆሮዋን አስጠጋች። ቀጭ አለ። ሌላውንም ተጫነች። ቀጭ።

"ይኼ እኮ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው" አለች ለራሷ። "ቁልፎቹ ምንም የላቸውም። ዝግ የሆነው ውስጡ ያለው ሰሌዳ ብቻ ነው። ሽቦዎቹን ከሱ ነቅዬ ከተራ ኪቦርድ ሰሌዳ ጋር ብበይዳቸው የኛ ማሽን ኪቦርድ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ላፕቶፕም አያስፈልገውም።" ከዚያ ገለበጠችውና የተለጠፈውን የማሸጊያ ወረቀት አየች። "ግን አባዬ፣ ከተከፈተ ሠሪዎቹ አይጠግኑልህም። ካበላሸሁት ሌላ እስኪመጣ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታውቃለህ። በሱ ነው የምትጽፈው፣ በሱ ነው ስልክ የምትደውለው።"

"አውቃለሁ።"

"ላበላሸው እችላለሁ።"

"ሃምሳ ሰው ተሳፍሮ እያጉረመረመ ስንት ሞተር መንገድ ዳር ፈትቻለሁ" አለ። "ክፈቺው። የጓደኞቼ ፈረቃ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይገባል።"

ስምንት ሰዓት ከሩብ አልፏል። ክብሪት መሣሪያ ቦርሳዋን ዘረገፈች። ማሸጊያውን በካቻቪቴው ቀደደችው። ትርፍ ኪቦርድ ፈታች፣ ሰሌዳውን አወጣች። ሽቦዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነበሩ። ማንም ሳይጠራው ፋርማሲስቱ ከጎኗ በርከክ ብሎ ወረንጦ አወጣና ሽቦውን ያዘላት። ኪኒን ሲቆጥር የኖረ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ሁለት ሰዓት የመሰለ ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ። ሰኩት። ቀኝ ሠራ፣ ነዳጅ ሠራ፣ ፍሬን ሠራ፣ ጡሩምባ ሠራ። ግራ ዝም።

"በግራ የማይታጠፍ አውቶቡስ ደግሞ ምን ይባላል!" አለች ትኬት ቆራጯ። ማንም አልሳቀም።

ክብሪት ጥርሷን ነክሳ እንደገና ከፈተችው። እየተሳደበች ነበር፤ ግን ይኼ ስድብ የሱቅ ስድብ ነው፣ የሥራ። አንዷ ሽቦ ከተበየደችበት ቦታ ተላቅቃለች። ትንፋሿን ይዛ መለሰቻት። ከዚያ አባቷ ክርኑን ግራው ላይ አሳረፈ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ወደ ግራ ዞረች።

ፋርማሲስቱ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ሳጥኑን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ። "ዝግ ነገር የለም። ይግቡ አባባ" አለ። ላፕቶፑ በፌስታሉ እንዳለ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፍቶ ኩም ብሎ ቆመ።

እሽቅድምድሙን ያላየ ተጎድቷል። ሦስቱ ሾፌሮች በሥራ ላይ የታመቀባቸውን ሁሉ እዚያ ተወጡት፤ ተገፋፉ፣ ተላተሙ፣ አንዱ ገደል ገባ። አባቷ ግን እንደ ድሮው ነዳ። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርስ ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ሰው ሊያልፍ ሲል መንገድ ይለቃል፣ ጡሩምባውን ይነፋል። "ጋሼ፣ ይኼ እኮ ውድድር ነው!" ብለው ጮሁበት። "እናንተ ተጋጩ፣ እኔ እደርሳለሁ" አላቸው። ተጋጩ፤ እሱም ደረሰ። ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣችው ትኬት ቆራጯ ናት። "አሥራ አንድ ዓመት ከኋላህ ቆሜ ሳይህ አልተማርኩም መሰለህ?" አለችው። አባቷ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ሻይ ሰጡት፣ ጃኬቱ ላይ ደፋው፣ ግድም አልሰጠው።

በሳቁ መሃል ግን ክብሪትን አንዴም ዞር ብሎ አላያትም። እሷም ለምን እንደሆነ አውቃለች። ሳጥኑን ማስተካከሏ ጥገና ነው፤ ጥገና ሥራዋ ነው። ያጠፋችው ግን ሽቦ አይደለም።

ወደ በሩ ሄዳ ወረቀቱን ከነማጣበቂያው ላጠችው። ማርከሩን አነሳች። ጀርባው ላይ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ስድብ ሲሆን እንደ ውሃ የሚወርድላት ቃል አሁን ጠብ ጠብ እያለ ወጣ። ከዚያ መልሳ ለጠፈችው። ሰው ተሰበሰበና አነበበ። ሊቀመንበሩም መጥቶ አነበበ፤ ነገር አናካርር አላለም።

"አባዬ፣ አንድ ቤት እየኖርን በምን እንደምትነዳ ሳልጠይቅህ ይኼን ሕግ ጻፍኩ። በሰው ፊት በር ላይ አቆምኩህ። ጥፋቱ የበር ጠባቂው አይደለም፣ የኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።"

አባቷ ጓደኞቹን ለመሸኘት በከዘራው ወጣ። በሩ ላይ ቆመ። መነጽሩን በግራ እጁ ከኪሱ ለማውጣት ታገለ፤ ክብሪት ልታግዘው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበች። ራሱ አወጣው፣ ራሱ አደረገው። ቀስ ብሎ አነበበ፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት።

"ፊርማሽስ የታለ?" አላት።